ዳልቻና የማዶው ሞክሼ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር፣ ከነጋዴ ተለይቶ የቀረ ዳልቻ የሚባል አህያ ነበር። ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ ጠጉሩ አመድማ ነበርና። ታዲያ ጭነት ከመሸከም በቀር ሌላ የማያውቅ ተራ አህያ እንዳይመስላችሁ። ዳልቻ የመንገድ ሊቅ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ የሲራራ ነጋዴዎች ጨው ጭነው ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከአህዮቹ ሁሉ ፊት የሚሄድ እሱ፣ ማደሪያ የሚመርጥም እሱ ነበር።

አህያ እንዴት ማደሪያ ይመርጣል ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራስ ቸኮል ይባላሉ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሰፈር ሲመርጡ አይቸኩሉም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነጋዴውን ሁሉ ያስቆሙና በመጀመሪያ የዳልቻን ጭነት ያስወርዳሉ። ዳልቻ መሬቱን ያሸታል፤ ዞር ዞር ይላል፤ ጆሮውን ወደ ነፋሱ ያቀናል። ከዚያ ጀርባውን መሬት ላይ ጥሎ ከተንከባለለ፣ ነጋድራስ «በሉ አራግፉ፣ ማደሪያችን እዚህ ነው» ይላሉ። ካልተንከባለለ ግን ቢደክምም ቢርብም ጉዞው ይቀጥላል። «ዳልቻ ያልተንከባለለበት መሬት ላይ እኔም ጎኔን አላሳርፍም» ይሉ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት ከነጋዴዎቹ አንድም ሰው ጎርፍ አልወሰደው፤ ከአህዮቹም አንድ እንኳ ጅብ አልበላውም።

ግን ቀን ሲጎድል ምን ይደረጋል? አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ከዳውና የኋላ ቀኝ እግሩ ወለም አለ። ነጋድራስ ቸኮል እግሩን አገላብጠው አዩት፤ አሹት፤ ቅቤም ቀቡት። አልሆነም። በሦስተኛው ቀን አንገቱን አቅፈው፣ «ስንመለስ እንወስድሃለን፣ ወንድሜ» አሉትና ጭነቱን ለሌሎቹ አከፋፍለው ሄዱ። ዳልቻ ከቁልቁለቱ በታች ባለው ወንዝ ዳር ቆሞ ጠበቀ። አንድ ክረምት አለፈ። ሌላ ክረምት አለፈ። መንገዱ ላይ ሳር በቀለ።

እግሩስ ከሞላ ጎደል ዳነ፤ ማነከሱ ብቻ ቀረ። ያልዳነው ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ይነሳና የሚጭነው ሰው እንደሚመጣ ሁሉ ጀርባውን አመቻችቶ ይቆማል። ከዚያ ትዝ ይለዋል። የሚጭነውም፣ የሚገርፈውም፣ «ሂድ አንተ ሰነፍ» የሚለውም የለም። ጎኑ ቆሞ የሚግጥ፣ ሲያዛጋ አብሮት የሚያዛጋ የለም። ቀትር ላይ አንገቱን ዘርግቶ አንድ ጊዜ ያናፋል፤ ከዚያ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ነፋስ ብቻ። ብቻውን የሚበላ ሰው እህሉ አይጥመውም ይባላል፤ አህያም ሳሩ አይጥመውም።

ቢሆንም ሙያውን አልረሳም። በየቀኑ ማደሪያውን እንደ ጥንቱ አሽቶና ዞሮ ተንከባሎ ነው የሚመርጠው። ከኋላው አለት፣ ከፊቱ ገላጣ ሜዳ፣ ነፋሱ ወደ አፍንጫው፣ መውጫው ሁለት። በሕይወት ያቆየውም ይኸው ነበር። ምክንያቱም በዚያ አገር አያ ጅቦ ነበር።

አያ ጅቦ ሆዱ እንጂ ጭንቅላቱ ያልሰፋ ጅብ ነው። ዳልቻን ካየበት ቀን ጀምሮ ምራቁ አልደረቀም። ግን በየት በኩል ይቅረበው? በነፋሱ በኩል ቢመጣ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል። በሜዳው ቢመጣ ገና ከሩቅ ይታያል። ከአለቱ በስተኋላ እመጣለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወድቋል። በመጨረሻ እያነከሰ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ያን አህያ ሳልበላ መሞቴ ነው!»

«ምን አገደህ? ጥርስ የለህም?»

«ጥርስማ አለኝ። ያስቸገረኝ ማደሪያው ነው። የሚተኛበትን ቦታ የሚመርጥበት ዐይን አለው፣ ይጥፋና!»

እመት ቀበሮ ጅራቷን በእግሯ ላይ ጠቅልላ አሰበች። «እንግዲያውስ ቦታውን እኔ አስመርጠዋለሁ። ጉበቱ ግን የኔ ነው።»

«ጉበቱ?» አለ ጅቦ ሆዱን ይዞ። «ግማሹ አይበቃሽም?»

«ሙሉውን። ካልሆነ አለትህ ላይ እየተንሸራተትክ ክረም።»

ጅቦ እያቃሰተ እሺ አለ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዳልቻ ቆሞ ሲግጥ እመት ቀበሮ ከፊቱ ብቅ አለች። ደንገጥ እንዳይል ራቅ ብላ ቆመችና አንገቷን ሰበር አደረገች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ዳልቻ?»

ዳልቻ ቀበሮ ምን እንደሆነች አያውቅም አይባልም፤ ያውቃል። ግን ሁለት ክረምት ሙሉ «እንደምን አደርክ» ያለው አልነበረም። አፉ ውስጥ ያለውን ሳር ሳይውጥ፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?» አለ፤ ደግሞም፣ «ቤተሰብስ?» ብሎ ጨመረ።

«ሁሉ ደህና ነው» አለች። «ክረምቱ መጣ እኮ። የዘንድሮው ብርቱ ነው እየተባለ ነው። እርስዎን የመሰለ ትልቅ አህያ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲዘንብበት ማየት ለእኛ ለአገሬው ነውር ነው። ደህና ደህና ማደሪያ አውቃለሁና ይምጡ ላሳይዎት።»

ዳልቻ ትንሽ አመነታ። ግን ጎን ለጎን መሄድ፣ ከራሱ ኮቴ ሌላ ኮሽታ እየሰሙ መሄድ ናፍቆት ነበር። «ማየት ምን ይጎዳል?» አለና ተከተላት።

መጀመሪያ ያሳየችው ከደረቀው ወንዝ ሆድ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። አሸዋው ለስላሳ፣ ከላይ ትልቅ ሾላ ተንሰራፍቶ ጥላ የጣለበት፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ኩሬ ያለው። እመት ቀበሮ፣ «ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?» አለች።

ዳልቻ ቀና ብሎ የሾላውን ቅርንጫፍ አየ።

«ያንን ጭራሮና ገለባ እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?»

«ወፍ ይሆናላ።»

«ወፍ አይደለም፣ እመት ቀበሮ። ያለፈው ክረምት ጎርፍ ነው። ውሃው እዚያ ድረስ ሲመጣ እኔ የት ልሆን ነው? ውሃ ለመጠጣት ይቀርቡታል እንጂ ለመተኛት አይቀርቡትም።»

ቀጥላ ወደ አንድ ጉብታ ወሰደችው። እዚያ ሳሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ጉብታው አናት ላይ አንድ ግራር ብቻውን ቆሟል። ዳልቻ ግንዱን ዞሮ አየው። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ከሰል መስሏል።

«ይህን መብረቅ መትቶታል። መልሶም ይመታዋል። ብቻውን የቆመ ዛፍ...» አለና ፊቱን አዞረ።

እመት ቀበሮ ጆሮዋን አቆመች። «ብቻውን» ሲል ድምፁ ሰለል ማለቱን ሰምታለች። ምንም እንዳልሰማች ሆና ሌላ ሁለት ቦታ ወሰደችው። አንዱን ጉንዳን አለበት ብሎ ተወው፤ በሌላው ደግሞ ሳሩ ሳይነካ ለምልሞ ቢያየው፣ «ይህን የመሰለ ሳር ማንም ያልጋጠው አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» ብሎ ሳይቆም አለፈ። እውነቱን ነበር፤ ጅቦ የሚያድርበት ጉድጓድ ከዚያ ሳር ሥር ነው።

ቀበሮዋ በድካም ምላሷ ወጣ።

«እንዲያው አያ ዳልቻ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምን ዓይነት ቦታ ነው?»

ዳልቻ ነጋድራስ ቸኮል እንዳስለመዱት ይቆጥር ጀመር። «ውሃው ብዙ ያልራቀ። ሳሩ የተጋጠ፣ ግን ያላለቀ። ጀርባ የሚሰጡት አለት ያለው። ነፋስ የማይመታው፣ ሽታ ግን የሚደርስበት። መውጫው ሁለት።» ከዚያ ሳሩን በከንፈሩ ነካ ነካ አደረገና፣ «ደግሞም... ስጮህ የሚመልስልኝ ያለበት ቢሆን» አለ።

ከአፉ ሲወጣ አፈረ። ቀበሮ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ግን ሆድ ሲሞላ አፍ አይዘጋም።

«ምነው ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ!» አለች እመት ቀበሮ። «ይምጡ በሉ።»

የወሰደችው ሁለት ገደሎች ፊት ለፊት ከሚተያዩበት ቦታ ነው። በመሃላቸው ጥልቅ ሸለቆ አለ። ከወዲህኛው ገደል ሥር፣ በሦስት በኩል በአለት የታጠረች ጠባብ ጉድባ አለች። ሳር የላትም። ውሃ ከእሷ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መግቢያዋ አንድ፣ መውጫዋም ያው መግቢያዋ። ዳልቻ ገና ሲያያት፣ «ይቺማ መውጫዋ አንድ ...» ብሎ ጀመረ።

«ይቆዩማ፣ መጀመሪያ ይጥሩ» አለች ቀበሮዋ። «ከማዶ አንድ አህያ አለ። እንደ እርስዎ ከነጋዴ የቀረ ነው ይላሉ። ለእኛ አይመልስልንም፤ ለአህያ ግን ይመልስ ይሆናል።»

ዳልቻ ወደ ሸለቆው ዞረ። አንገቱን ዘርግቶ አናፋ።

ከማዶ አህያ አናፋ።

ዳልቻ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ። «ማነህ?» ብሎ ጮኸ።

«ማነህ?» አለው ማዶ።

«ዳልቻ!»

«ዳልቻ!»

«ስምህም ዳልቻ ነው? ሞክሼ!» አለ ዳልቻ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«ሞክሼ!» አለው ማዶ።

ያን ጊዜ ዳልቻ መሬቱን አላሸተተም። አልዞረም። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ አላየም። አሥር ዓመት ሙሉ ነጋድራስ የተማመኑበት አህያ፣ ሳይንከባለል ሰፈረ። ከጉድባዋ ጥግ የተከመረውን አጥንት እንኳ ድንጋይ መሰለው። ምን ይደረግ፣ ዐይን የሚያየው ልብ ሲፈቅድለት ነው። እመት ቀበሮም ቀስ ብላ ዞራ ሄደች፤ ደህና እደሪ የሚላት እንኳ አላገኘችም።

አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ውስጥ ጠብቆ ያዛት። «ልግባ? ልግባ?»

«ዛሬ አይሆንም። ዛሬ አንዱ ጆሮው ወደ ኋላ ነው። ሦስት ቀን ታገስ፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ማዶ ይሆናሉ።»

«ሦስት ቀን! ሆዴ እኮ ቀን አያውቅም!»

«ይማራል» አለችው እመት ቀበሮ።

እነዚያ ቀናት ለዳልቻ የበዓል ቀናት ነበሩ። ጠዋት ጭነት ለመጠበቅ ጀርባውን አመቻችቶ መቆሙን ተወ። ገና ዐይኑን ሲገልጥ፣ «ደህና አደርክ?» ይላል። «ደህና አደርክ?» ይለዋል ሞክሼው። የተጠየቀው ሳይመልስ መልሶ ቢጠይቅ ሌላው ይከፋው ነበር፤ ዳልቻ ግን ደስ አለው። ሁለት ክረምት የጠየቀው የለም፤ እንኳን አንድ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለቸውም። ስለ ነጋድራስ ቸኮል፣ ስለ ጨው መንገድ፣ እግሩን ስለጣለው ድንጋይ አወራለት። ረጅም ወሬ ሲያወራ ሞክሼው መጨረሻዋን ብቻ ይደግማል። «ይኸውላችሁ የሚያዳምጥ አህያ» ይል ነበር ዳልቻ ለራሱ።

«ለምን አትመጣም? ና!» አለው አንድ ጊዜ።

«ና!» አለው ማዶ።

«ኧረ አንተ ና!»

«አንተ ና!»

«ይህን ሸለቆ እንዴት ልሻገረው? እግሬ ታሟል!»

«እግሬ ታሟል!»

ዳልቻ የራሱን እግር አየ። ስሙ የእሱ፣ ዕጣው የእሱ፣ እግሩም የእሱ! ከዚያ ወዲህ ና ብሎ አላስጨነቀውም። በየማዶአቸው ሆነው ሲነጋገሩ መዋል ይበቃዋል። ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ሞክሼው እንዳይሰጋ ብሎ ሳይጠግብ ይሮጣል። የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። ሞክሼው ቀድሞ ጠርቶት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን፣ «ዛሬስ እሱ ይጥራኝ» ብሎ አፉን ዘጋ። ረፋድ ሆነ። ማዶ ዝም። ቀትር ሆነ። ማዶ ዝም። ያ ዝምታ ዳልቻ የሚያውቀው ዝምታ ነበር፤ በወንዙ ዳር ሁለት ክረምት አብሮት የከረመው። ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ሞክሼ!» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ሞክሼ!»

«አለህ?»

«አለህ?»

«ዐይን አፋር ነው እንጂ አለ» አለ ዳልቻ፤ ተነፈሰም።

ፀሐይ በማዶው ገደል ጫፍ ላይ ስታዘነብል አያ ጅቦ መጣ። ጅብ እስኪይዝ ያነክሳል እንደሚባለው እያነከሰ፣ «እሾህ ወጋኝ፣ ወንድሜ፣ እስቲ እይልኝ» እያለ ገባ። ዳልቻ ዞር አለ። የጉድባዋን አፍ ጅብ ሞልቶታል። በግራ አለት፣ በቀኝ አለት፣ ከኋላ አለት። ያን ጊዜ ነው አፍንጫው የአጥንቱን ሽታ የነገረው። «እንዲህ ያለ ቦታ የመረጠ ማነው?» ብሎ ሊቆጣ ቃጣው፤ መራጩ እሱ ራሱ ነው።

እግሩ መሬት ላይ ተተከለ። አህያ ጅብ ፊት ስትቆም የሚይዛት ያ ድንዛዜ ያዘው። የቀረው ድምፁ ብቻ ነበር።

«ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ድረሱልኝ!» አለ ማዶ።

ጅቦ ጆሮው ቆመ። «ሁለት ናቸው!» አለ። «ያቺ ሌባ አንድ ነው ብላኝ! ሁለተኛውን ለራሷ ደብቃው ኖሯል!» አንገቱን ወደ ሸለቆው አዞረ።

ዳልቻ ግን የጅቦን አንገት አላየም። የሰማው የማዶውን ድምፅ ብቻ ነው። «ሞክሼዬን ያዙት!» አለ። ፊቱ የቆመው ጅብ ከልቡ ጠፋ። ያለሱ ማንም የሌለው አንድ አህያ እየተጣራ ነው፤ ይህን ብቻ ነው የሚያውቀው። ድንዛዜው ለቀቀውና ተወረወረ። ደረቱ የጅቦን ጎን ሲመታው ጅቦ ትኩስ ድስት እንደ ነካው ውሻ እየጮኸ ተንከባለለ። ዳልቻ ቁልቁል ሮጠ። ሸለቆውን ወረደ። ያ የታመመው እግሩ መታመሙን ረሳ።

«አይዞህ፣ መጣሁልህ!» እያለ ይሮጣል።

«አይዞህ፣ መጣሁልህ!» ይለዋል ሞክሼው።

«እሱም ወደ እኔ እየሮጠ ነው!» አለ ዳልቻ፤ እየሮጠ አለቀሰ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብለው የሚተርቱ ሁሉ ያን ዕለት ዳልቻን ባዩት ኖሮ!

ዳገቱን ወጥቶ ማዶ ደረሰ። እያለከለከ ቆመ። ማንም የለም። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። በየአለቱ ሥር አየ። ያን ጊዜ ሙያው ተመለሰለትና አፍንጫውን መሬት ላይ አኖረ። ኮቴ የለም። ፋንድያ የለም። በአለቱ ስንጥቅ የበቀለችው ትንሽ ሳር ጥርስ ነክቷት አያውቅም። እዚህ ቦታ እንኳን ሦስት ቀን፣ አንድ ሌሊት እንኳ አህያ አላደረበትም።

ከሸለቆው ውስጥ የጅቦ ድምፅ መጣ። ሁለተኛውን አህያ ፍለጋ ወርዶ ነበር።

«የታለህ?» ይላል ጅቦ።

«የታለህ?» ይላል ገደሉ።

«ማነህ አንተ? ሥጋው የኔ ነው!»

«የኔ ነው!»

«ሌላ ጅብ አምጥታብኛለች!» ብሎ ጅቦ ደነፋ። ያው ድንፋታ ከገደሉ ተመልሶ መጣበት። ጅቦ ብቻውን ከራሱ ጋር እየተሰዳደበ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። በመጨረሻ ጉበቷን እየጠበቀች ቁጥቋጦ ሥር የተቀመጠችውን እመት ቀበሮን አየና፣ «አንቺ ከዳተኛ!» ብሎ አባረራት። ሁለቱም ከዓይን ተሰወሩ።

ዳልቻ ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ሰማ። ጅቡ አንድ መሆኑን ያውቃል። የሰማው ድምፅ ግን ሁለት ነው። ቀስ እያለ ገባው። እንዲገባው አልፈለገም ነበር፤ ግን ገባው። «ደህና አደርክ» ሲለው የነበረው፣ ስሙን የነገረው፣ እግሬ ታሟል ያለው፣ አይዞህ ያለውም ድንጋይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲያወራ ነበር። ሊያድነው የሮጠለትም ያው ራሱ ነበር፤ ድኗል፤ ግን መዳኑን የሚነግረው የለም።

ዳልቻ አለቀሰ። የአህያ ለቅሶ ከነድምፁ ነው፤ እሱ ግን ድምፁን ዋጠው። ድምፁን ቢያወጣ ገደሉ መልሶ ያለቅስበታል። ይህን አልቻለም።

ሌሊቱን ሜዳ ላይ ቆሞ አነጋና ጎህ ሲቀድ መንገድ ጀመረ። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እግሩ እንደገና ታመመው። ቀትር ላይ አንዲት ረግረግ ዳር ደረሰ። ቦታዋ ለነጋድራስ ቸኮል ብትታይ ሳይቆሙ የሚያልፏት ዓይነት ናት። ጥላ የላትም፤ ዝንቧ ብዙ ነው፤ ውሃዋ ድፍርስ፣ ሳሯ ጭቃ የነካው። ዳልቻ ግን ደክሞታልና ሊጠጣ ጎንበስ አለ። ማንም ይመልስልኛል ብሎ ሳያስብ፣ እንዲሁ ከልማድ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

«ምን ደህና ውሎ አለ?» አለ አንድ ድምፅ። «እግርህን ከጭቃዬ ላይ አንሳልኝ!»

ዳልቻ ክው አለ። ጭቃው ተንቀሳቀሰና ሁለት ክራንቻ፣ ከዚያም የከርከሮ ፊት ብቅ አለ። ዳልቻ ትንፋሹን ይዞ፣ እየፈራ፣ «ዳልቻ እባላለሁ» አለ።

«ብትባልስ እኔ ምን ላድርግህ? እኔ ከርከሮ ነኝ። የቀትር እንቅልፌን ነው ያበላሸኸው። ለመሆኑ ከየት ነው የመጣኸው? እግርህንስ ምን ሆነህ ነው የምትጎትተው?»

ዳልቻ ሊመልስ ፈለገ። ግን እንባው አፍንጫው ላይ ወረደ።

«ኧረ በል!» አለ ከርከሮ ደንገጥ ብሎ። «ተቆጣኝ ብለህ ነው እንዴ? ምን ያስለቅስሃል?»

«ሌላ ነገር ስለመለስክልኝ ነው» አለ ዳልቻ።

ከርከሮ አልገባውም። እያጉረመረመ፣ «ዕብድ ጎረቤት ነበር የቀረኝ» አለና ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ዳልቻ አጠገቡ ተኛ። ዝንቡ በላው፤ ጭቃው ሸተተው፤ ከርከሮውም ሲያንኮራፋ ዋለ። በሁለት ክረምት ውስጥ እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው ብቸኝነት የአዋቂን ዐይን እንኳ እንደሚጋርድና፣ ማደሪያ የሚፈልግ ሁሉ ከውሃውና ከሳሩ ጋር የራሱን ቃል የማይደግምለትን ጎረቤት አብሮ መፈለግ እንዳለበት ነው።